ቺንጋው ሲወልቅ ተርባይኑን ማን ያቁመው?

ይህን ጥያቄ በነሐሴ መጀመሪያ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የጥያቄና መልሱ ክር ረዝሞ መልሱ 24 ደርሷል። ዘግይተው የሚገቡ ሰዎች ከላይ የተመለሰውን ደግመው ስለሚጠይቁ፣ ጥያቄዬንና የተሰጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እዚህ ሰብስቤያለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ያጎደልኩት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

ጥያቄው

የምኖረው ሰሜን ሸዋ፣ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው በሚወርደው ተረተር ላይ ነው። ሰፈራችን ዋናው የመብራት መስመር አልደረሰውም። ድሮ የድንጋይ ወፍጮ ያዞር በነበረ ውሃ ላይ ማኅበራችን ቦዩን አድሶ፣ 120 ሜትር የብረት ቧንቧ ቁልቁል ዘርግቶ፣ ከግርጌው ክሮስ ፍሎው የሚባለውን ዓይነት ተርባይን ተክሏል። ቧንቧው ከሚነሣበት የውሃ ገንዳ እስከ ተርባይኑ ያለው ከፍታ 38 ሜትር፣ ውሃው በሴኮንድ 50 ሊትር ነው። ይህ በስሌት 18.6 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ በቧንቧው፣ በተርባይኑ፣ በቺንጋውና በጄኔሬተሩ የሚባክነው ሲቀነስ መንደሩ የሚያገኘው ወደ 11 ኪሎ ዋት ነው። ቀን ቀን ቺንጋው ወፍጮውን ያዞራል፤ ማታ ወደ ጄኔሬተሩ ይዛወርና መብራት ይሆናል። ተርባይኑ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር ጄኔሬተሩ 1500 ይዞራል።

ችግራችን ሁለት ነው። አንደኛው የቆየ ነው፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሰው መብራቱን እያጠፋ ሲተኛ ጭነቱ ይቀልና ተርባይኑ ይፈጥናል፤ ሳያጠፋ የቀረው ሰው አምፖል ይደምቅና ይቃጠላል። ዘበኛው ቮልቱን እያየ ውሃውን በእጁ ይቀንሳል። ሁለተኛው ግን አስደነገጠን። በሐምሌ መጨረሻ፣ ዝናብ በሚጥልበት ማታ፣ ቺንጋው ከጄኔሬተሩ ፑሌጃ ወለቀ። መንደሩ ጨለመ። ዘበኛው እራቱን ሊበላ ቤቱ ወርዶ ነበር፤ በጭቃው ተመልሶ እስኪወጣ 20 ደቂቃ ያህል ሄደ። ተርባይኑ ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ጭነት እየጮኸ ዞረ። ሲደርስ የቫልቩን እጀታ ባንዴ ገፍቶ ዘጋው። ቧንቧው ከላይ እስከ ታች ጓ አለ፤ መካከል ላይ ያለው የጎማ መጋጠሚያ ፈነዳ፤ ውሃው የተረተሩን አፈር ጠርጎ ወሰደ። ሁለቱም የተርባይኑ ኩሽኔታዎች ተቃጠሉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም።

ማኅበሩ ትንሽ ገንዘብ አለው። እኔ የጭነት መቆጣጠሪያ ሳጥን፣ ሎድ ኮንትሮለር የሚሉትን፣ ልግዛ ብዬ አስቤ ነበር። ከሱ ጋር ቮልቱን፣ ሄርዙን፣ የኩሽኔታውን ሙቀትና የገንዳውን ውሃ እየለካ በስልክ መልእክት የሚልክልኝ መሣሪያ። ከየትኛው ልጀምር?

መልሶቹ

መልስ 1፦ ከደብረ ሲና የጻፈ ወንድም መጀመሪያ አጽናናኝ። ከዚያ ጄኔሬተሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ቮልት አስተካካይ ካርድ እንዳለውና እንደሌለው ጠየቀኝ። አለው።

መልስ 2፦ ሐሳቤን ደገፈና አሠራሩን ለሁሉም በሚገባ ቋንቋ አስረዳ። ሎድ ኮንትሮለር ውሃውን አይነካም፤ ውሃው ሁልጊዜ አንድ ልክ ይወርዳል፣ ተርባይኑም ሁልጊዜ ሙሉ ጭነት ይሸከማል። ሰው አምፖል ሲያጠፋ ሳጥኑ ያን ያህል ኃይል ወዲያው ወደ ደሚ ሎድ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ወደተነከረ ማሞቂያ፣ ያዞረዋል። ድምሩ ስላልተለወጠ ፍጥነቱ አይለወጥም፤ ጄኔሬተሩ በ1500 ዙር፣ መብራቱ በ50 ሄርዝ ይቆያል። ማሞቂያው ከጄኔሬተሩ ጉልበት ከ10 እስከ 20 በመቶ መብለጥ እንዳለበትም አሳሰበ። ለመጀመሪያው ችግራችን ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም።

መልስ 3፦ ሞቅ ያለ መልስ ነበር። ኃይሉን ውሃ በማፍላት ከማባከን ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ብናስቀምጥ፣ እያንዳንዱ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ የሰፈሩ ሴቶች ያለ ጭስ እንጀራ ሊጋግሩበት እንደሚችሉ ሐሳብ አቀረበ። ብዙ ሰው ወደደው። እኔም ወድጄው ነበር፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በጭስ ዓይኗ ሲያለቅስ ያየሁ ሰው ነኝና።

መልስ 4፦ ክሩ መጀመሪያ የተቆጣው እዚህ ጋ ነው። ጸሐፊው መልስ 3ን እንደ አደገኛ ምክር ቆጠረው። ምጣድ ጋጋሪዋ ስትጨርስ ይጠፋል፤ ደሚ ሎድ ግን ማንም ሊያጠፋው የማይችል መሆን አለበት፣ ያለዚያ መቆጣጠሪያው ትርፉን የሚልክበት ቦታ ያጣል። በዚያ ላይ ወደ ደሚ ሎድ የሚሄደው ኃይል በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ እንጀራው አንዴ ያራል፣ አንዴ ሳይበስል ይቀራል። ምጣድ ከፈለጋችሁ እንደ ማንኛውም ተጠቃሚ ከመንደሩ መስመር ላይ ቀጥሉት፤ ደሚ ሎዱ ግን የሰው እጅ በማይደርስበት በርሜል ውስጥ ይሁን፤ መደምደሚያው ይኸው ነበር። አነጋገሩ ሰውየውን አስቀይሞታል፣ ነገሩ ግን ልክ ነው።

መልስ 5፦ ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው አጭርና ደረቅ ነው። ቺንጋው ሲወልቅ ጄኔሬተሩ እንደሚቆም፣ ጄኔሬተሩ ሲቆም ሎድ ኮንትሮለሩም እንደሚሞት፣ ማሞቂያውም ብረት ብቻ ሆኖ እንደሚቀር አመለከተ። ስለዚህ ባለፈው ሐምሌ ያ ሳጥን ቢኖረን ኖሮ በዚያ ማታ ምንም አይሠራም ነበር። ተርባይኑን የሚያስቆመው ነገር ከተርባይኑ ዘንግ ላይ እንጂ ከጄኔሬተሩ ወዲያ መቀመጥ የለበትም። መልእክት የሚልከውንም መሣሪያ እንደዚሁ አፈረሰው፦ ጭነት የጣለ ትንሽ ተርባይን ጣሪያ ፍጥነቱ ላይ፣ ማለትም ያለ ጭነት ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ፍጥነት ላይ፣ ለመድረስ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ይበቃዋል፤ መልእክቱ ስልኬ ላይ ሳይደርስ ነገሩ አልቋል።

መልስ 6፦ የራሴ ነው። ልክ መሆኑን ተቀብዬ ጣሪያ ፍጥነቱ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁ። በገንዘቡ ልገዛ የነበረው ነገር የደረሰብንን አደጋ እንደማይከላከል ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው፤ ደነገጥኩ።

መልስ 7፦ ብዙ ዓመት ቆቃ ኃይል ማመንጫ ላይ የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አባት ጻፉ። ቆቃ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ፣ 43.2 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነው፤ የእኛ ከሱ ጋር ሲተያይ ጠብታ ናት። እሳቸው ግን አንድም ቦታ አልናቁንም። ለክሮስ ፍሎው ጣሪያው ከመደበኛው ዙር 1.8 ጊዜ ገደማ እንደሆነ፣ የእኛ 800ው ወደ 1440 እንደሚወጣ መለሱልኝ። ጭነቱ ቺንጋው ሳይወልቅ ከጠፋ፣ ለምሳሌ ዋናው ሽቦ ቢበጠስ፣ ጄኔሬተሩም አብሮ ወደ 2700 እንደሚነዳና ለተራ አገልግሎት የተሠራ ጄኔሬተር ግን 20 በመቶ ያህል ጭማሪ እንዲችል ብቻ እንደሚፈተሽ አስጠነቀቁ።

ዋናው ምክራቸው ግን የሚለካውን ነገር ሁሉ በሁለት እንድከፍለው ነበር፦ ሰው ሮጦ ሊደርስበት የሚችል፣ ሰው ሊደርስበት የማይችል። የኩሽኔታ ሙቀት ቀስ ብሎ ይወጣል፤ የገንዳ ውሃ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ንዝረት በሳምንታት ይጨምራል። እነዚህን ሰው በደብተርም፣ በስልክም ሊከታተላቸው ይችላል። ከልክ በላይ መፍጠንና የቧንቧ ግፊት ግን ለሰው ጊዜ አይሰጡም፤ እነሱን ብረት ራሱ፣ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ሰው፣ ሊመልሳቸው ይገባል። እሳቸው በሥራ ላይ ሳሉ በየሰዓቱ ዘይቱን፣ ሙቀቱን፣ ግፊቱን በደብተር ይመዘግቡ ነበር። ከቁጥሩ በፊት ለውጡን ማየት እንድለምድ መከሩኝ፤ ትናንት 45 ዲግሪ የነበረ ኩሽኔታ በዚያው ጭነት ዛሬ 52 ካለ፣ 52 ገና ትንሽ ቁጥር ነው ተብሎ አይታለፍም።

ስለ ሩሲያው ሳያኖ ሹሼንስካያም አነሱ። 6400 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ትልቅ ጣቢያ ነው። ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የሁለተኛው ተርባይን ክዳን የታሰረባቸው ቡሎኖች ተበጥሰው ውሃው ተርባይኑን ከቦታው አንሥቶ ወረወረው፤ አዳራሹ ተጥለቀለቀ፤ 75 ሰዎች ሞቱ። ቡሎኖቹ ባንድ ቀን አልደከሙም፤ ንዝረቱ ቆይቶባቸው ነበር።

መልስ 8፦ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መልስ 7 ላይ ጨመረ። በዚያ አደጋ ኤሌክትሪክ ስለጠፋ ከግድቡ አናት ያሉት የውሃ መዝጊያዎች በራሳቸው አልወረዱም፤ ሠራተኞች ወጥተው በእጃቸው ነው የዘጓቸው። ከዚያ ስለ ገቨርነር፣ ማለትም ውሃውን እየመጠነ የተርባይኑን ፍጥነት ስለሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ረዥም ጽሑፍ አስከተለ፤ ከመስመር ጋር ለተያያዘ ትልቅ ጣቢያ እንጂ ለእኛ ብዙም አይሆንም፣ ለማወቅ የሚፈልግ ከክሩ ያንብበው።

መልስ 9፦ ሰውየው ከርእሱ ወጣ። ታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፣ 13 ተርባይን ተተክሎ፣ 5150 ሜጋ ዋት እያለን ለ11 ኪሎ ዋት ይህን ያህል መድከም ትርጉም እንደማይሰጠው ጻፈ።

መልስ 10፦ የደብረ ሲናው ወንድም (መልስ 1) ተቆጥቶ መለሰለት። ግድቡ የሁላችንም ኩራት መሆኑን፣ እሱም ቦንድ መግዛቱን፣ ነገር ግን ምሰሶ ገደል ወርዶ በየጎጡ እስኪደርስ ድረስ የወፍጮ ቤቱን መብራት ማጥፋት እንደማይገባ አስረዳ። ሕዳሴ ላይ የሚዞረውም የእኛውም ለአንድ ሕግ ነው የሚገዛው፤ ጭነት ሲጠፋ ውሃው አያውቅም። ይህ የመጨረሻው ቃል ልቤን ነካው፤ በራሴ አነጋገር ነው የጻፍኩት፣ ሐሳቡ ግን የእሱ ነው።

መልስ 11 እና 12፦ ወደ ታሪክ ሄዱ። አንደኛው ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነውን አባ ሳሙኤልን አስታወሰ። ሌላዋ ከዚያም ወደ ኋላ ተመለሰች፦ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እዚሁ አንኮበር አጠገብ የውሃ ወፍጮ ተሠርቶ፣ ካህናቱ የክፉ መንፈስ ሥራ ነው ብለው ስለተቃወሙት እንዲቆም መደረጉን። በዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ካህናቱን መውቀስና መከላከል ጀምረው ነበር፤ አስተባባሪው ለብቻ ክር እንዲከፍቱለት ጠየቀ። እኔ ግን ይህን በማወቄ ደስ ብሎኛል። ያ ወንዝና የእኛ ውሃ ከአንድ ተራራ ነው የሚወርዱት።

መልስ 13፦ ቧንቧው ለምን እንደፈነዳ ያሰላልን ሰው ነው። በቧንቧው ውስጥ ውሃው በሴኮንድ 1.6 ሜትር ይሄዳል (50 ሊትሩን በ20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቧንቧ ብታካፍሉት ይኸው ነው)። ውሃው ባንዴ ሲታገድ የግፊት ማዕበል ይነሣል፤ ማዕበሉ በብረት ቧንቧ በሴኮንድ 1000 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 120 ሜትር ሄዶ ለመመለስ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። መዝጊያው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተዘጋ ግፊቱ ከ150 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ውሃ የሚያህል ይጨምራል፤ ቧንቧችን የተሠራው ለ38 ሜትር ነው። ዘበኛው እጀታውን የገፋው በአንድ ሴኮንድ ቢሆን እንኳ፣ ቫልቩ ውሃውን በእውነት የሚያንቀው በጉዞው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ያረጀ ጎማ ለመበጠስ ይበቃል። መፍትሔው፦ ሩብ ዙር ሲገፋ የሚዘጋውን ቫልቭ አውጥተን፣ ብዙ ዙር እየተጠመዘዘ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ሳራቺኔስካ እንድንተካ። አጠገቡም ማኖሜትር፣ የግፊት መለኪያ፣ እንድንገጥም።

መልስ 14፦ አንድ ተርባይን እንደሚተክል የገለጸ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በዘበኛው ላይ ጣለ፤ ቦታውን ጥሎ የሄደና ቫልቭ መዝጋት የማያውቅ ሰው እንዴት እንደተቀጠረ ጠየቀ። አክሎም ውሃውን ከተርባይኑ ወደ ጎን የሚያዞር ሳህን እንድናስገጥም መከረ።

መልስ 15፦ ይህን እኔ ነኝ የመለስኩት፤ በቁጣ ስለጻፍኩ ዛሬም አልጸጸትም። ያ ሰው ሌሊቱን ብቻውን ነው የሚያድረው፤ ቀስ ብለህ ዝጋ ያለው ሰው የለም፣ እኔም አላልኩትም። መሣሪያውን የሸጠልን ድርጅትም አንዲት ገጽ መመሪያ አልሰጠንም። በጨለማ፣ በዝናብ፣ እየጮኸ ያለ ብረት አጠገብ ቆሞ ውሃውን መዝጋቱ ድፍረት ነው።

መልስ 16፦ መልስ 5ን የጻፈው ሰው ተመልሶ ገብቶ መልስ 14ን በሌላው በኩል አረመው። ውሃውን ወደ ጎን የሚያዞረው ሳህን ለፔልተን ተርባይን ነው፤ በፔልተን ውሃው በቀጭኑ ተወንጭፎ ስለሚወጣ በሳህን ይመለሳል። ክሮስ ፍሎው ላይ የሚሠራው አፉ ላይ ያለውን የውሃ መምሪያ ክንፍ መዝጋት ነው። ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ፦ ቺንጋው መጀመሪያውኑ ለምን ወለቀ? ሁለቱ ፑሌጃዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን በሲባጎ ለክቼ አውቃለሁ ወይ? አልለካሁም ነበር። በማግሥቱ ስወጥር የጄኔሬተሩ ፑሌጃ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ አገኘሁት፤ የቤቱ ጣሪያም እዚያው ላይ ያፈስ ነበር።

መልስ 17፦ ከመንዝ የጻፈች እህት ነች፤ በዚህ ክር ከተጻፈው ሁሉ እጅግ የጠቀመኝ የእሷ ነው። በእነሱ ዘንድ ተርባይኑን የሚያስቸግረው ፍጥነት ሳይሆን ቅጠል ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ገንዳው አፍ ላይ ባለው ፍርግርግ ይለጠፋል፤ ውሃው ወደ ገንዳው መግባት ያቅተዋል፤ ቧንቧው ግን መጠጣቱን አያቆምምና ገንዳው ይወርዳል። ከዚያ ቧንቧው አየር ይስባል፤ ተርባይኑ ይንጫጫል፤ መብራቱ ይርገበገባል። በክረምት ደግሞ ጎርፉ አሸዋ ያመጣል፤ አሸዋው ገንዳው ሥር ካልተጣለ የተርባይኑን ምላሶች እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። መፍትሔዋ መሣሪያ መግዛት አልነበረም። ገንዳው ላይ ባዶ ነጭ ጀሪካን ተንሳፍፎ፣ በገመድና በመዘውር አድርጎ ከረዥም እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ ያወጣል ያወርዳል። ገንዳው ሲጎድል ጨርቁ ይወጣል። ቤት ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ጮኾ ይናገራል። እኔ ለዚህ ነበር ባትሪና ሲም ካርድ ያለው መሣሪያ ልገዛ የነበረው። በሠራሁ በሦስተኛው ቀን አንዲት ልጅ ጨርቁን አይታ ጠራችኝ፤ ወጥቼ ፍርግርጉን ጠረግሁ። ማታ ማታ ግን ጨርቅ አይታይም፤ ለማታው የስልኩ መልእክት ወደፊት ይጠቅመኛል።

መልስ 18፦ በበጋ ውሃው ሲቀንስ የመስኖውን ተራ ከማን ጋር እንደምንስማማ የሚጠይቅ ነበር። የእኛ የውሃ አባት ሌሊቱን ለመብራት፣ ቀኑን ለመስኖ ከፍሎታል፤ ወፍጮው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይሠራል።

መልስ 19፦ ስለ ከፍታ ነው። የኤሌክትሪክ ማሽኖች ላይ የተጻፈው ጉልበት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ማሽኑ በደንብ አይቀዘቅዝም፣ ስለዚህ ጭነቱን መቀነስ ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2800 ሜትር ገደማ፣ ባቄላ ቶሎ የማይበስለውም በዚሁ በአየሩ መሳሳት ነው። ከሥራቸው ውሃ ለሚስቡ እንደ ፍራንሲስ ላሉ ተርባይኖች ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል፦ በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 10 ሜትር ውሃ ሲይዝ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከ7 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ በዚህ ምክንያት ተርባይኑን ከታችኛው ውሃ ብዙ ከፍ አድርጎ መትከል ውሃው ውስጥ አረፋ እንዲፈጠርና ብረቱ እንዲቆረቆር ያደርጋል። የእኛን አይመለከተውም፤ ሌላ ቦታ ሊተክል ያሰበ ሰው ግን ያንብበው።

መልስ 20፦ የቆቃው አባት እንደገና። ብረቱ ራሱ እንዲያስቆመው የሚያደርገውን ነገር በዝርዝር ነገሩኝ። የተርባይኑ ዘንግ ላይ ቀለበት ይታሰራል፤ ቀለበቱ ውስጥ ሞላ ያለው ቡሎን ይቀመጣል። ዘንጉ ከልኩ 20 በመቶ ሲፈጥን፣ ለእኛ 960 ዙር ሲደርስ፣ ቡሎኑ ሞላውን አሸንፎ ይወጣና አንዲት ምላስ ይመታል። ምላሷ የተንጠለጠለ ክብደት ትለቃለች፤ ክብደቱ የውሃ መምሪያውን ክንፍ ይዞ ይወርዳል። ባትሪ የለም፣ ሽቦ የለም፣ ቺንጋውም ቢኖር ባይኖር ለውጥ የለውም። ባንዴ እንዳይዘጋና የመልስ 13 ጉዳይ እንዳይመጣ ደግሞ ክብደቱን የመኪና ሾክ አብዞርበር ይያዘው።

መልስ 21፦ መልስ 4ን የጻፈው ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ፤ በዚህ ጊዜ በትሕትና። አንዳንድ ሰው አምፖል እንዳይቃጠል ቮልት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ ሪሌይ ይገጥማል። መስመሩ ሲቆረጥ ተርባይኑ የነበረውን ጭነትም ያጣል፤ ስለዚህ ይባስ ይፈጥናል። ሪሌዩ መስመሩን በቆረጠ ቅጽበት ወይ ደሚ ሎዱ ሙሉውን መቀበል፣ ወይ ክብደቱ መውደቅ አለበት። ከመልስ 3 ጸሐፊ ጋርም ይቅር ተባብለዋል።

መልስ 22፦ የሙከራው ዘገባ፣ የእኔ። ቀለበቱንና ቡሎኑን ደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት አስቀረጽኩ። ሾክ አብዞርበሩ ከአሮጌ መኪና የወጣ ነው። ወፍጮ በሌለበት ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ከወፍጮ ቤቱ ወጥቶ፣ ቺንጋውን ፈትተን ውሃውን በግማሽ ለቀቅን። ቡሎኑ ወጣ፣ ክብደቱ ወደቀ፤ ነገር ግን በ4 ሴኮንድ ዘጋው፣ ማኖሜትሩም ከ3.7 ወደ 5 ባር ዘለለ። ፈጠነብን። የሾክ አብዞርበሩን ማሰሪያ ወደ ክንዱ ጫፍ አራቅነው። በሙሉ ውሃ ስንደግም 9 ሴኮንድ ወሰደ፤ ግፊቱ ከ4.4 ባር አላለፈም። ፍጥነቱን ከሳይክል ላይ በወሰድኩት መለኪያ አየሁት፤ 1380 ገደማ ደርሶ ወረደ። ማለትም ክብደቱ መፍጠኑን አላስቀረውም፣ ያሳጠረው ዕድሜውን ነው፦ 20 ደቂቃ የነበረው ከ10 ሴኮንድ በታች ሆነ። ኩሽኔታዎቹን በእጄ ነካኋቸው፤ ለብ ብለው ነበር እንጂ አልጋሉም። ሁለተኛውን ሙከራ ምላሷን በእጁ አስተካክሎ ያስጀመረው ዘበኛችን ነው።

መልስ 23፦ የቆቃው አባት ምላሷ በዝገት እንዳትያዝ በየሳምንቱ በእጅ እንድናላቅቃት፣ የተላቀቀችበትን ቀንም በደብተሩ እንድንጽፍ አዘዙ። ደብተር ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሙከራው ቁጥሮች አሉ።

መልስ 24፦ የመንዟ እህት አንድ ነገር ጠየቀች፤ መልሱን ገና እየሠራሁት ነው። ክንፉ ሲዘጋ በቦዩ የሚመጣው በሴኮንድ 50 ሊትር ውሃ የት ይሄዳል? ተርባይኑ ይድናል፤ ገንዳው ግን ሞልቶ በጎን ከፈሰሰ ያንኑ ሐምሌ የተጠረገውን ተረተር ይዞት ይወርዳል፤ ከሥሩ ደግሞ የሰው ማሳ አለ። በሙከራው ቀን አንድ ሰው ቦዩን ከላይ ስለዘጋው ይህን አላስተዋልነውም። ማሳው የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ትናንት ከባለቤቱ ጋር ቆመን ማፍሰሻው በየት እንደሚያልፍ በካስማ ምልክት አድርገናል። ድንጋዩን ለመደልደል ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ደቦ ተጠርቷል። እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ ቦዩ አፍ ላይ የሚያድር አንድ ሰው በተራ መድበናል፤ የዛሬው ተራ የእኔ ነው።